ሃይብሪድ ልንገዛ ነው፤ ለአዳማ መንገድ የትኛው ዓይነት ይሻላል?

መምህርት ዘአዳማ

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው አዳማ ነው። ባለቤቴ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ለሥራ አዲስ አበባ ደርሶ ይመለሳል። በሌላው ቀን መኪናውን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ልጆች ማድረስ፣ ገበያ፣ ለቅሶ፣ የከተማ ዙረት። እናቴ አሰላ ስለሆነች በዓል በመጣ ቁጥር ወደዚያ እንወጣለን።

አሁን ያለችን መኪና ቤንዚን ጨረሰችን። ሸጠን ሃይብሪድ ልንገዛ ወስነናል። ችግሩ ደላሎቹ ጋ ስሄድ ሁሉም "ሃይብሪድ ነው" ይሉኛል። አንዱ ፕሪየስ አሳየኝ። ሌላው ኒሳን ኖት ኢ-ፓወር። ሌላው ቢዋይዲ ሶንግ ፕላስ ዲኤም-አይ። አንዱ ደግሞ ሱዙኪ አቁሞ "ይሄም ሃይብሪድ ነው" አለኝ። ዋጋቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ልዩነቱን በሚገባኝ ቋንቋ የሚያስረዳኝ አለ? ቤታችን የራሱ ግቢ አለው። መብራት ግን እንደምታውቁት ይመጣል፣ ይሄዳል።

አቢ ፖስታ ቤት

ሃይብሪድ ምን ያደርግልሻል? ሙሉ ኤሌክትሪክ ግዢና ከማደያ ሰልፍ ተገላገዪ።

ኢንጂነር ወንጂ

አቢ፣ ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚውል ሰው ምክርህ ጥሩ ነው። እህታችን ግን አዲስ አበባም አሰላም ትሄዳለች፣ መብራትም ይሄድባታል። የጠየቀችውን እንመልስላት።

እህቴ፣ ሃይብሪድ የሚለው ስም ብቻውን ምንም አይነግርሽም። ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቂው። ጎማውን የሚያዞረው ምንድን ነው? ባትሪውስ ስንት ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል? እነዚህን ካወቅሽ የቀረው ይገለጥልሻል።

ከሱዙኪው ልጀምር። ሱዙኪ ኤስኤችቪኤስ የሚለው ዘዴ ቀላል ሃይብሪድ ነው። ዲናሞውና ሞተሪኖው በአንድ ዕቃ ተተክተው በቺንጊያ ከሞተሩ ጋር ተያይዘዋል። የትራፊክ መብራት ላይ ስትቆሚ ሞተሩን ያጠፋል፣ ስትነሺ ቶሎ ያስነሳል፣ ስትፈጥኚ ትንሽ ያግዛል። በቃ። በኤሌክትሪክ ብቻ አንድ ሜትር እንኳ አይነዳሽም። በአውሮፓ መኪኖች ላይ የሚመጣው ባለ 48 ቮልቱም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ጉልበቱ ግን ይበልጣል። መኪናውን ከወደድሽው ግዢው። ግን ሃይብሪድ ስለተባለ ብቻ ተጨማሪ ብር አትክፈዪበት።

ቀጥሎ ፕሪየስ። ቶዮታ በ1997 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጃፓን ውስጥ መሸጥ የጀመረው ነው፤ ዛሬ ኮሮላ ሃይብሪድም ራቭ ፎር ሃይብሪድም በዚያው መሠረት ነው የሚሠሩት። ውስጡ አንድ የቤንዚን ሞተርና ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተሮች አሉ። ሦስቱን የሚያገናኛቸው በመሐሉ ጥርስ፣ በዙሪያው ሌሎች ጥርሶች የሚዞሩበት የማርሽ ስብስብ ነው። ከቤንዚን ሞተሩ የሚወጣው ጉልበት ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ በቀጥታ ወደ ጎማ፣ ግማሹ በአንደኛው ሞተር በኩል ኤሌክትሪክ ሆኖ ይሄዳል። የክፍፍሉን መጠን ኮምፒውተሩ በየቅጽበቱ ይወስናል። ፍሪሲዮን የለው፣ እንደ ተራው መኪና ማርሽ መቀያየር የለው፣ ሞተሪኖ የለው። ለዚህ ነው ብዙ የሚቆየው።

ኖት ኢ-ፓወር ሌላ ነው። ኒሳን በ2016 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ነው። 1.2 ሊትሩ የቤንዚን ሞተር ከጎማው ጋር በፍጹም አይገናኝም። ሥራው ጄኔሬተር መሆን ብቻ ነው። ጎማውን ሁልጊዜ የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተሩ ነው፤ የሚነዳውም ልክ እንደ ኤሌክትሪክ መኪና ነው። ከተማ ውስጥ በጣም ደስ ይላል። በፍጥነት መንገድ ላይ ግን ቤንዚኑ መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ይሆናል፣ ከዚያ ተመልሶ ጉልበት ይሆናል፤ በየለውጡ ጥቂት ይባክናል።

ሶንግ ፕላስ ዲኤም-አይ በሶኬት የሚሞላ ነው፤ ፕለጊን የሚሉት። በዝግታ ስትሄጂ እንደ ኢ-ፓወር ይሠራል። ፍጥነት ሲጨምር ግን 1.5 ሊትሩን ሞተር በቀጥታ ከጎማው ጋር ያያይዘዋል። ስለዚህ ረጅም መንገድ ላይ ያ ብክነት ይቀንሳል። ሆንዳ ኢ-ኤችኢቪ የሚላቸው መኪኖችም እንደዚሁ ናቸው፤ በሶኬት አለመሞላታቸው ነው ልዩነቱ።

የባትሪው ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። የሁለተኛውና የሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ ባትሪ 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው የሚይዘው። የኖቱ 1.5 ገደማ ነው። እነዚህ የኪስ ገንዘብ ናቸው፤ ይገባል፣ ይወጣል፣ አያድርም። ሶንግ ፕላስ ባለ 8.3ና ባለ 18.3 ሆኖ ነው የተሠራው። ሁለቱ በዓይን አይለዩም፤ ሰነዱን ሳታዪ ዋጋ እንዳትነጋገሪ።

ሾፌር ከ1980ዎቹ

በዚህ ሁሉ ዓመት መሪ ላይ የተረዳሁት አንድ ነገር ነው። ዕቃ በበዛ ቁጥር ብልሽት ይበዛል። ሃይብሪድ ማለት ሁለት መኪና መግዛት ነው፤ ሁለት ዓይነት ወጪ። ባትሪው የሞተ ቀን መኪናዋን ቆማ ታያታለች። ቪትዝ ትግዛና በሰላም ትኑር።

ጋራዥ አዳማ

ጋሼ፣ ስጋትዎን አከብራለሁ። እኔም መካኒክ ነኝ፣ ባትሪው የሞተ መኪና ወደኔ ጋራዥ ይመጣል። ግን "ዕቃ ይበዛል" ያሉት ለሁሉም ዓይነት አይሠራም። ፕሪየስን እንይ። ፍሪሲዮን የለም፣ ሞተሪኖ የለም። ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የመጣው ሦስተኛው ትውልድ ላይ የሞተር ቺንጊያ እንኳ የለም፤ የውሃ ፓምፑም የኤሲ ኮምፕረሰሩም በኤሌክትሪክ ነው የሚሠሩት። የፍሬን ሸራው በጣም ይቆያል፤ መኪናውን በአብዛኛው የሚያዘገየው ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ሞተር ነውና።

ባትሪውን ቶሎ የሚገድለው ሙቀትና አቧራ ነው፤ አዳማ ላይ ሁለቱም አሉ። የፕሪየስ ባትሪ የሚቀዘቅዘው ከተሳፋሪው ክፍል በሚስበው አየር ነው። የአየር ማስገቢያው ቀዳዳ ከኋላ ወንበር ጎን ነው ያለው። ሰው ሳያውቅ ጋቢ ያስቀምጥበታል፣ የልጅ ቦርሳ ይደገፍበታል። ወንፊቱና ማራገቢያው በአቧራ ይደፈናሉ። ባትሪው ይግላል፣ በጊዜ ይደክማል። ማጽዳቱ ብዙ ወጪ የለውም። ማንም ግን አያስጸዳውም! እባካችሁ ሃይብሪድ ያላችሁ ሁሉ አስጸዱ።

ሌላ ነገር። የፊት ጎማው መሬት ላይ ሆኖ ፕሪየስን እንዳታስጎትቱ። ጎማው ሲዞር ሞተሮቹ አብረው ይዞራሉ፣ ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ፣ ዕቃ ይቃጠላል። መጫኛ መኪና ይጠራ። ብርቱካናማ ሽቦ ያያችሁበትን ደግሞ የሰፈር ኤሌትሪሻን አይንካው። ከ200 ቮልት በላይ ነው፤ ሰው ይገድላል።

የኢተያ ልጅ

ስለ አሰላ ዳገት ማንም አልተናገረም። እኔ በየሳምንቱ እወጣዋለሁ። አዳማ ላይ በሊትር ይሄን ያህል ሄድኩ የሚል ሁሉ ደራን አልፎ ሽቅብ ሲጀምር ዝም ይላል። ኢ-ፓወር እዚያ ዳገት ላይ ይቆማል ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

ኢንጂነር ወንጂ

አይቆምም። ግን የሚወራው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እስቲ እናስላው።

ከአዳማ እስከ አሰላ 800 ሜትር ያህል ሽቅብ ነው። ከነሰው 1,600 ኪሎ የምትመዝን መኪና ያንን ከፍታ ለመውጣት ብቻ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋታል። የነፋሱና የጎማው ግጭት ለብቻው ነው። የኖት ባትሪ ሙሉውን እንኳ ቢሰጥሽ 1.5 ነው። ስለዚህ መንገዱ ገና ሳይጋመስ ባትሪው ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ሙሉው ሸክም ጄኔሬተሩ ላይ ነው። ሞተሩ ይጮሃል፣ ለመቅደም ስትረግጪው እንደ ከተማው አይወረወርም። ቢሆንም ይወጣል። ፕሪየስም ባትሪው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን የቤንዚን ሞተሩ በ1.8 ሊትር የተሻለ ጉልበት አለው፣ ከጉልበቱም ከፊሉ በቀጥታ ጎማ ላይ ይደርሳል። ለዳገት እሱን እመርጣለሁ።

እዚህ አገር ብዙም የማይነሳ አንድ ነገር አለ፤ ከፍታ። ቱርቦ (አየር አፍኖ የሚያስገባለት ዕቃ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ላይ ናት፣ አሰላም ከዚያ አታንስም። የቤንዚን ሞተርሽ እዚያ ሲደርስ ሩቡ ሊሄድ ምንም አልቀረውም። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ለአየር ግድ የለውም። ስለዚህ እውነተኛ ሃይብሪድ ለደጋ ሰው ከነዳጅ ቁጠባም በላይ ጥቅም አለው። ከመብራት ስትነሺ፣ አይሱዙ ስትቀድሚ ይታወቅሻል።

የአዲስ አበባውንም ልጨምር። ብዙ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ሲወርድ የለካውን ይዞ ያወራል። ቁልቁለቱ 700 ሜትር ያህል ነው፤ ተዘርግቶ የተቀመጠው ግን በ80 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። በ100 ፍጥነት ስትነጂ መኪናውን ከሚይዘው የነፋስና የጎማ ግጭት አንድ ሦስተኛ ያህሉን ነው ቁልቁለቱ የሚሸፍንልሽ። ባትሪ አይሞላልሽም፤ ቤንዚን ግን ይቀንስልሻል። ስትመለሺ ያው 700 ሜትር ዕዳ ሆኖ ይጠብቅሻል። ስለዚህ ሻጭ የነዳጅ ፍጆታ ሲነግርሽ ደርሶ መልስ መሆኑን ጠይቂ።

አንድ ደረቅ ቁጥር ልስጥሽ። የአሜሪካ መንግሥት መለኪያ ለሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ የሰጠው ወደ እኛ ሲቀየር በከተማ በሊትር 21.7፣ በአውራ ጎዳና 20.4 ኪሎ ሜትር ነው። ከተራ መኪና ተቃራኒ ነው፤ ከተማ ውስጥ ይበልጥ ይቆጥባል። የሃይብሪድ ጥቅም የሚገኘው መቆም መነሳት ባለበት ነው። ቀኑን ሙሉ ፍጥነት መንገድ ላይ ብቻ ለሚውል ሰው ትርፉ ያንሳል።

ዲኤም-አይ አለኝ

እኔ ሶንግ ፕላስ ባለ 18.3 ይዤ ነው የምናገረው፣ አዳማ ነው የምኖረው። ማታ ግቢ ውስጥ ተራ ሶኬት ላይ እሰካለሁ። በ220 ቮልት በ10 አምፔር ባዶው ባትሪ እስኪሞላ ስምንት ዘጠኝ ሰዓት ይፈጅበታል፤ ጠዋት ሙሉ ነው። የመሬት መስመር (ኧርዝ) ያለው ሶኬት በባለሙያ አስገቡ፤ ማከፋፈያ ገመድ ላይ አትሰኩ፣ ይቀልጣል። ከተማ ውስጥ ቀናት ያልፋሉ ቤንዚን ሳይነካ። ወረቀቱ ላይ በኤሌክትሪክ 110 ኪሎ ሜትር ይላል፤ እሱ በድሮው ኤንኢዲሲ በሚሉት መለኪያ ነው። ኤሲ ከፍተህ፣ ሽቅብ ወደ አዲስ አበባ፣ ያንን አትጠብቅ።

መብራት ሲሄድስ? በቤንዚን ይሄዳል። ሙሉ ኤሌክትሪክ ያልገዛሁበት ምክንያት ይሄው ነው።

ከመግዛት በፊት ግን ይሄንን ዕወቁ። ለቻይና ገበያ የተሠሩት የመሙያ ቀዳዳቸው የቻይናው ጂቢቲ ነው፣ ስክሪናቸውም በቻይንኛ ይመጣል። ገመዱ አብሮ መኖሩን አረጋግጡ። ደግሞም ሶኬት ላይ የማትሰካው ከሆነ ፕለጊን አትግዛ። ከባድ ባትሪ ተሸክመህ በቤንዚን መሄድ ነው ትርፉ።

አቢ ፖስታ ቤት

እሺ፣ የመብራቱን ነገር እቀበላለሁ። ግን እነ ሊ አውቶ ኤል 7ና ኤል 9ስ? እነሱ በጣም ትልቅ ባትሪ አላቸው።

ኢንጂነር ወንጂ

እነሱ ኢ-ፓወርና ኤሌክትሪክ መኪና የተጋቡባቸው ናቸው። ጎማውን ኤሌክትሪክ ብቻ ነው የሚያዞረው፤ ባትሪው ከ40 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው፣ ሞተሩ ጄኔሬተር ነው። ጄኔሬተሩ ባለ ቱርቦ ስለሆነ ከፍታው እንደሌሎቹ አይጎዳውም። ድንቅ መኪኖች ናቸው። ዋጋቸው ግን ለመምህር ደሞዝ አይደለም።

አስመጪ ነበርኩ

ስለ አዲስ ማስመጣት የምታስቡ ካላችሁ፦ በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱን አስታውሱ። አሁን የምትገበያዩት በአብዛኛው አገር ውስጥ ያለውን ነው። ሊብሬውንና የጉምሩክ ሰነዱን አይታችሁ፣ የሻንሲ ቁጥሩን ከመኪናው ጋር አመሳክራችሁ ብቻ ቀብድ ክፈሉ። "ወደብ ላይ ነው፣ ይወጣል" ለሚላችሁ ሰው ብር እንዳትሰጡ።

መምህርት ዘአዳማ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ገለቶማ! በአንድ ቀን ይሄን ያህል ተማርኩ። ሱዙኪውን ተውኩት። ሶንግ ፕላሱን ወደድኩት፣ ግን አቅማችን ባለ 8.3ው ላይ ነው የሚደርሰው፣ እሱም ብድር ጨምረን። ፕሪየሱ (ሦስተኛው ትውልድ ነው) ያለ ብድር ይገዛል። ኖቱም በዋጋ ከፕሪየሱ ብዙ አይርቅም። ምን ትላላችሁ? ሙቀቱንም አስቡልኝ፤ ቀትር ላይ ልጆች ይዤ ነው የምሄደው።

ጋራዥ አዳማ

በሙቀቱ በኩል ሦስቱም ይሻሉሻል። ኮምፕረሰራቸው በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ሞተሩ ጠፍቶም ኤሲው ይቀጥላል። ቀላል ሃይብሪዶች ላይ ኮምፕረሰሩ ብዙውን ጊዜ በቺንጊያ ነው፤ መብራት ላይ ሞተሩ ሲጠፋ ቅዝቃዜውም አብሮ ይቀራል። ፕሪየስ ላይ ደግሞ ኤሲ መክፈትሽ ለባትሪውም ይጠቅማል፤ የሚስበው የቀዘቀዘ አየር ይሆናል።

ኢንጂነር ወንጂ

ባለቤትሽ ፍጥነት መንገዱን ባይመላለስ ኖሮ ኖቱን እልሽ ነበር። ከተማ ውስጥ እሱን የሚያህል የለም። እናንተ ግን ከተማም፣ ፍጥነት መንገድም፣ የአሰላ ዳገትም አለባችሁ። ለሦስቱም የማያሳፍረው ፕሪየሱ ነው፤ ያውም ያለ ብድር። ባለ 8.3ው ሶንግ መጥፎ አይደለም። ግን ለዚያች ትንሽ ባትሪ ብላችሁ የባንክ ወለድ ከምትከፍሉ፣ ልዩነቱን ይዛችሁ ቆይታችሁ ወደፊት ባለ 18.3ውን ብታስቡ ይሻላል። እኔ በናንተ ቦታ ብሆን የማደርገው ይሄንን ነው።

ሾፌር ከ1980ዎቹ

ልጄ፣ እንግዲህ ከገዛሽም መካኒክ ሳታሳዪ እንዳትገዢ። ይሄ ጋራዥ ያለው ልጅ የሚያውቅ ይመስላል።

መምህርት ዘአዳማ

እሺ ጋሼ፣ ምክርዎን እሰማለሁ። ፕሪየሱን ልናየው ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ሻጩ በግልጽ "ባትሪው ውስጥ አንድ ሞጁል ተቀይሯል፣ አሁን አዲስ ነው" አለኝ። ይሄ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?

ጋራዥ አዳማ

መናገሩ ጥሩ ነው። "አዲስ ነው" ማለቱ ግን ልክ አይደለም።

የዚያ ባትሪ ውስጥ 28 ሞጁሎች፣ ማለትም ትናንሽ ባትሪዎች፣ በተከታታይ ተያይዘዋል። እያንዳንዱ 7.2 ቮልት ነው፣ ሲደመር 201.6። አንዱ ሲደክም ሁሉንም ይጎትታል። አንዱን ሲቀይሩት መኪናዋ ትነሳለች፣ የማስጠንቀቂያ መብራቱም ይጠፋል። 27ቱ ግን ያው አሮጌዎቹ ናቸው። በአንድ ሙቀት፣ በአንድ አቧራ አብረው ያረጁ ናቸው። ቀጣዩ መቼ እንደሚደክም ማንም አይነግርሽም። ስለዚህ ዋጋው መተመን ያለበት ባትሪ እንደሚያስፈልገው መኪና ነው።

እንዲህ አድርጊ። ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ሂጂ። ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቀሽ ሌላ ቀን ተመለሺ። የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ ስካነር ያለው ሰው ይዘሽ ሂጂ። ኮምፒውተሩ ሞጁሎቹን ሁለት ሁለት አድርጎ ስለሚያነብ 14 የቮልት ቁጥር ይወጣል። ቆመሽ ሳይሆን እየነዳሽ ይነበብ፤ ከተቻለ ወደ ኢተያ የሚወጣውን ዳገት ትንሽ ይውጡት። 14ቱ ቁጥሮች አብረው ከወረዱ፣ አብረው ከወጡ ደህና ነው። አንዱ ብቻውን ከሌሎቹ ለይቶ ከወረደ ቀጣዩ በሽተኛ እሱ ነው። የተሰረዙ የብልሽት ኮዶች እንዳሉም ይታይ። የኋላ ወንበሩን ጎን አስከፍተሽ ማራገቢያውን እዪው፤ በአቧራ ከተደፈነ ባለቤቱ እንዴት እንደያዘው ይነግርሻል። ከኋላ ያለችውን ትንሿን ባለ 12 ቮልት ባትሪም አስለኪ። እሷ ከሞተች ዋናው ባትሪ ሙሉ ሆኖ እንኳ መኪናው አይነሳም፤ ብዙ ሰው ዋናው ሞተ ብሎ በከንቱ ይደነግጣል።

ቁጥሮቹን ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊልን። አይተን እንነግርሻለን። እስከዚያ ቀብድ አትክፈዪ።